ኮምፒውተሩ የተነገረውን የሚያኖርበት

«በእርጥብ አይደለም፤ በደረቅ ጨርቅ ነው የወለወልኩት» አልኳት።

ፌቨን ከወንበሯ ሳትነሳ ዞር ብላ አየችኝ። «ምኑን?»

«ኮምፒውተሩን ነዋ። ማን ነካው ብለሽ የለ? ትናንት ጠዋት አቧራ ለብሶ ባየው አላስችል አለኝና ፊቱን ጠረግ አደረግሁት። ውኃ ግን አጠገቡ አላደረስኩም።»

«እትዬ ብርሃነሽ፣ ስለ መወልወል ማን ጠየቀዎት?»

«ታዲያ ቤቷ እንደተሰረቀባት ሴት ምን ያስጮህሻል?»

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ቀይ ምልክት ተደንቅሮበታል፤ ከሥሩ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር አለ። «ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም ነው የሚለው» አለችኝ። «የፈተናው ገጽ እንዲህ ይላል። ኢሜይሌም እንዲህ ይላል። የከፈትኩት ሁሉ እንዲህ ይላል።»

ፈተናው ስትል ነው እኔም የደነገጥኩት።

ሱቆቻችን የተጣበቁ ናቸው፤ ከዩኒቨርሲቲው በር ብዙም አይርቁም። እኔ ልብስ እሰፋለሁ። እሷ የሰው ጽሑፍ ትተይባለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፣ የተመራቂዎችን ወረቀት ትጠርዛለች። በመሐላችን ያለው ኮምፔርሳቶ በጣም ስስ ስለሆነ እኔ ሳስነጥስ እሷ እዚያ ሆና «ይማርዎት» ትለኛለች፤ እሷ በስልክ ስታወራ ደግሞ፣ ጆሮዬን ምን ላድርገው፣ እሰማለሁ። ስለዚህ ፈተና ከእናቷ ቀድሜ የሰማሁትም በዚሁ መንገድ ነው። ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ትልቅ ሆቴል የእንግዶቹን ክፍልና ሒሳብ በኮምፒውተር የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል። ፌቨን በአካውንቲንግ ከተመረቀች ወዲህ የሌላውን መመረቂያ ስትተይብ ነው የኖረችው፤ አመለከተች፣ ተጣርታ አለፈች፣ የቀራት ፈተናው ብቻ ነው። ፈተናው ደግሞ በኢንተርኔት ነው፤ በስልክ አይከፈትም፣ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጨረሰ ጨረሰ፤ ያልጨረሰ የሰው መመረቂያ መተየቡን ይቀጥላል።

«ኢንተርኔቱ አልቆብሽ ይሆናል» አልኳት።

«በስልኬ ከፈትኩት፤ ይሠራል።»

«እንግዲያው አጥፍተሽ አብሪዋ።»

«ስንቴ አጠፋሁት፣ ስንቴ አበራሁት።»

«እኔ የማውቀው መድኃኒት እሱ ብቻ ነው» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ለቴሌቪዥንም፣ ለስልክም፣ ለባሌም የሞከርኩት ይህንኑ ነው።

ሌሎቹ የኮምፒውተር ቤቶች ጋ ደወለች። ጊዜው የምርቃት ነው፤ ተማሪው በየበሩ ተሰልፏል፤ አንዱም ወንበር የሚሰጥ አልሆነም። በመጨረሻ ወደ ሰኢድ ደወለች። ሰኢድ ኮምፒውተር የሚማር፣ ከወራቤ የመጣ ልጅ ነው። ፌቨን ጋ በነጻ ያትማል፣ ኮምፒውተሯ ሲታመም ደግሞ በነጻ ያክማል። እኔም ሱሪውን አሳጥርለታለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ጀምሮ እያደር የሚረዝመው ሱሪው ነው እንጂ እሱ አይደለም።

በባጃጅ መጣ። የራሱ ላፕቶፕ ስክሪኑ ተሰብሮ ጥገና ቤት ነው ያለው፤ እሱን ቢያመጣማ ነገሩ ሁሉ ባላስፈለገ። ቁጭ አለ፣ ቀዩን ምልክት አየ፣ አገጩን አሻሸ።

«ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም» አለ። «ፎርማት እናድርገው።»

ፌቨን ፊቷ ተለዋወጠ። እኔ ደግሞ ሳይገባኝ ማለፍ አልወድም። «ፎርማት ምንድን ነው?»

«ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው፣ እትዬ።»

«አንድ ቁልፍ ስለረገፈ ቀሚሱን አቃጥሎ ሌላ መስፋት ማለት ነዋ።»

«እ… እንደዚያ ነው።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለች ፌቨን።

«እስከ ማታ እንጨርሰዋለን።»

«ማታማ እኔ እዚህ ተቀምጬ ቀሪ ሕይወቴን እየተየብኩ ነው።»

ከዚያ ፌቨን ብድግ ብላ ጠባቧን ሱቅ ወዲያ ወዲህ ትላት ጀመር። ይህች ልጅ ስታስብ እግሯ ነው የሚያስብላት። «ትናንት ጠዋት ይሠራ ነበር» አለች። «ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ተለውጧል። የተለወጠው ነገር ደግሞ ሳጠፋውና ሳበራው አልተረሳም። ስለዚህ የሆነ ቦታ ተጽፏል ማለት ነው። ሰኢድ፣ ኮምፒውተር እንዲህ ሁን የተባለውን የት ነው የሚጽፈው?»

ሰኢድ ቀና አለ። መምህሩ ይህንኑ ቢጠይቀው አንገቱን እንደሚደፋ እርግጠኛ ነኝ፤ ፌቨን ስትጠይቀው ግን ዓይኑ በራ። ለምን እንደበራ እኔ አውቃለሁ፤ እሱ ገና አላወቀም፤ እሷም እንዳላወቀች ታስመስላለች። ይሁን፣ የዛሬው ጉዳያችን እሱ አይደለም።

ቁልፎቹን መታ መታ ሲያደርግ አንድ መስኮት ተከፈተ። በግራ በኩል ቢጫ ፎልደሮች እንደ ቅርንጫፍ ተንጠልጥለዋል። አንዱን ሲነካው ሌሎች ይወልዳል፤ የተወለዱት ደግሞ ሌላ ይወልዳሉ። በቀኝ በኩል ስም፣ ከስሙ ትይዩ ቁጥር ወይም ቃል።

«ሬጅስትሪ ይባላል» አለ። «የተነገረውን የሚያኖረው እዚህ ነው። ፊደሉ ይተልቅ ካሉት፣ ድምፁ ይቀነስ ካሉት፣ እዚህ ይጽፈዋል። ሲበራ ይህን አንብቦ ነው እንደ ትናንቱ ሆኖ የሚነሳው።»

«እኔን ደግሞ ልብ ያለው ይመስለኝ ነበር» አልኩ።

«ልቡ ይኸው ነው። ማየት ችግር የለውም፤ በዘፈቀደ መነካካት ነው የሚያስፈራው።»

ፌቨን ስክሪኗ ላይ የለጠፈችው፣ ራሷ ከዳር ሆና ያነሳችው የሐይቁ ፎቶ ነው። ሰኢድ ቅርንጫፎቹን ይዞ ወረደና አንድ መስመር ላይ ቆመ። «ይኸው የፌቨን ሐይቅ።»

መነጽሬን አድርጌ ተጠጋሁ። ረድፍ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው። «ሐይቁ የታለ?»

«ሐይቁ ሌላ ቦታ ነው ያለው። እዚህ የተጻፈው አድራሻው ነው፤ ሂድና ይህን ፎቶ አምጣ የሚል።»

ከዚያ ሄዶ ፎቶውን በሌላ ለወጠውና ተመልሶ መጥቶ ያንኑ መስመር አሳየኝ። ፊደሎቹ ተለውጠዋል። ማንም እጁን አልጫነባቸውም፤ እዚያ ማዶ ሥዕል ሲለወጥ እዚህ ማዶ ጽሑፉ ራሱ ተለወጠ። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ዕቃ ከውጭ እያየሁ ስወለውል ከውስጡ ይህ ሁሉ ሲጻፍ ኖሯል። ሳቄ መጣ። «እስቲ ድገመው።»

ደገመው።

«እስቲ አሁን ደግሞ…»

«እትዬ» አለች ፌቨን፣ «ፈተናዬ።»

አፈርኩ። ሰኢድም አፈረ፤ ጉሮሮውን ጠረገና ቁም ነገሩን ቀጠለ። «እዚህ ሁለት ትልልቅ ክፍሎች አሉ። ይኸኛው የፌቨን የግሏ ነው። ፎቶዋ፣ የአማርኛ መጻፊያዋ፣ የወደደችው ቀለም፣ ሁሉ እዚህ ነው። ያኛው የማሽኑ የራሱ ነው፤ በማንም ስም ብንገባ እሱ አይለወጥም። ስለዚህ በሌላ ስም እንግባ። ገጹ ከተከፈተልን ጥፋቱ ፌቨን ክፍል ውስጥ ነው። ካልተከፈተ ጥፋቱ የጋራው ውስጥ ነው።»

ይኼኔ በደንብ ገባኝ። አንዷ ደንበኛዬ ቀሚሷ ቢጠባት የእሷን ልኬት ነው የማየው። የሁሉም ቀሚስ ስፌቱ ከተኮማተረ ግን የሰዎቹ ልኬት ምን አደረገኝ? የስፌት መኪናው ክሩን አጥብቋል ማለት ነው። ይህንኑ ብነግራቸው ሰኢድ «እትዬ፣ ክፍላችን መጥተው ያስተምሩን» አለኝ። ሱሪውን የማሳጥርለት እኔ መሆኔን ስለሚያውቅ ነው።

«በማን ስም ልክፈተው?» አለ።

«በእኔ ይሁና» አልኩ፤ አፌ ቀደመኝ።

ፌቨን ስሜን በአማርኛ ጻፈችልኝ። ስክሪኑ ጨለመ፣ ሰላም የሚል ነገር አሳየኝ፣ ትንሽ አስጠበቀኝ፤ ከዚያ አንድ ነጭ ወረቀት የመሰለ ንጹሕ ስክሪን ፊቴ ተዘረጋ። ሐይቁ የለም። የአማርኛ መጻፊያው የለም። የተማሪዎቹ ወረቀት የለም። እንደ አዲስ የተከራየ ቤት ባዶ ነው፤ ግን የእኔ ነው። በሃምሳ ምናምን ዕድሜዬ በስሜ የተከፈተልኝ ነገር ቢኖር የዕድር ደብተሬ ነበር።

ሰኢድ የፈተናውን ገጽ ከፈተ።

ቀይ ምልክት።

«የጋራው ነው» አለች ፌቨን። እንደ መርዶ አልተናገረችውም፤ ጣቷን አወዛወዘች። «የእኔ ክፍል ንጹሕ ነው። ግማሹን ጣልነው፤ አሁን የጋራውን ብቻ ነው የምንፈልገው።»

የጋራው ግን ትንሽ ነገር አልነበረም። ሰኢድ የማሽኑን ክፍል ከፍቶ ቢወርድ ቢወርድ ቅርንጫፉ አያልቅም። ስሞቹን እየጮኸ ያነባል፤ ፌቨን «እሱ አይደለም፣ እለፍ» ትላለች። አንዱ ጋ ሲደርሱ ሁለቱም ጎንበስ ይላሉ፣ ከዚያ ቀና ይላሉ። አንድ ተማሪ ወረቀቱን ይዞ ብቅ አለ፤ ገና አፉን ሳይከፍት «ለጓደኞችህ ሞታለች በላቸው» ብዬ መለስኩት።

«ትናንት እኔ ከወጣሁ በኋላ ማን ነበር እዚህ?» አለች ፌቨን ለራሷ። «ከሰዓት ቱላ ያለችው አክስቴ ጋ ሄጄ ነበር። ጋሼ ናቸው የጠበቁልኝ። እሳቸው ደግሞ ካርታ ከመጫወት በቀር ሌላ አይነኩም።»

ጋሼ የምትላቸው አጎቷን ጋሽ ወልደጻድቅን ነው። አውቶቡስ ተራ ስምሪት ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ጃኬታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ካርታ ሲሸነፉ እንኳ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው።

እኔ እነሱን ማገዝ ስላልቻልኩ የራሴን ስክሪን መጎብኘት ያዝኩ። ሰኢድ ፍለጋውን የያዘው መሐል ላይ ባለው መስኮት ነው፤ ዳር ዳሩ የእኔ ነው። ከታች በቀኝ በኩል ጥግ ላይ ሰዓት አለ። ከሥሩ ደግሞ ቀን አለ፤ ፌቨን ጋ ቀን አይቼ አላውቅም ነበር። አነበብኩት። ደስ አለኝ።

«እኔን አክብሮኛል» አልኳቸው።

«ማን?»

«ኮምፒውተሩ ነዋ። ለፌቨን ሁልጊዜ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሰጣት፤ እኔ እዚህ መጥቼ ሰዓት ባየሁ ቁጥር ስድስት ቀንሺ ብላ አስተምራኛለች። ለእኔ ግን ይኸው መቀነስ አላስፈለገኝም፤ ከግድግዳው ጋር ልክ ነው። ቀኑንም የኛን ነው የሰጠኝ። ወሩ አሥር ነው ይላል፤ ሰኔ አሥረኛ አይደል? ዓመተ ምሕረቱም የኛው ነው።»

ሰኢድ ማንበቡን አቆመ።

ፌቨን በቀስታ ጎንበስ ብላ ጥጉን አየች። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ እንዲያ ዓይን ለዓይን አይታኝ አታውቅም።

«እትዬ ብርሃነሽ» አለች፣ «ኮምፒውተር የኛን ሰዓት አያውቅም።»

«ይኸው አወቀ እኮ።»

«አላወቀም። ተነግሮት ነው።» ጣቷን ቀኑ ላይ ጫነች። «የኛን ዓመተ ምሕረት ተነግሮታል። እሱ ግን እንደ ፈረንጅ ዓመት ነው የሚያነበው። ወደ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። እሱ ያለው ከስምንት ዓመት በፊት ነው።»

ሰኢድ ግንባሩን መታ። ለእኔ ያስረዳኝ እሱ ነው፣ ቃላቱ እየተደራረቡበት። እያንዳንዱ የኢንተርኔት ገጽ ሲከፈት መታወቂያ ያሳያል፤ መታወቂያው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል አለበት። የፈተናው ገጽ ዘንድሮ የወጣ መታወቂያ አሳየ። የኛው ኮምፒውተር ግን የስምንት ዓመት ጊዜ ወደ ኋላ ቆሞ መታወቂያውን ያያል፤ ገና ከስምንት ዓመት በኋላ የሚሰጥ መታወቂያ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ አጭበርባሪ ካልሆነ ምንድን ነው? ስለዚህ በሩን ዘጋ። ልክ ነው፤ እኔም ብሆን አላስገባውም።

«አንተስ ሰዓቱን እንዴት አላየኸውም?» አልኩት።

«አየሁት እኮ። ትክክል ነበር።»

ነገሩ ይኸው ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሦስታችንም ስናየው የነበረ ሰዓት፣ ከግድግዳው ጋር የተስማማ፣ ከእጄ ሰዓት ጋር የተስማማ፤ ትክክል የሆነን ነገር ማን ይጠረጥራል? ቀኑ ደግሞ በፌቨን ክፍል አይታይም ነበር፤ ቦታ እንዲተርፋት ብላ የታችኛውን መስመር ድሮ አሳንሳዋለች፣ ሲያንስ ቀኑ ይደበቃል። ያም የተጻፈው በእሷ ክፍል ውስጥ ነው። እኔ ጋ ማንም ምንም ስላላሳነሰ ነው የታየው።

ሰኢድ ወደ ማሽኑ ክፍል ተመልሶ፣ አሁን የሚሄድበትን አውቆ፣ ቀጥ ብሎ ወረደ። «ይኸውና። ሰዓቱን ራሱ ከኢንተርኔት ጠይቆ ያስተካክል ነበር። ይህች ቃል ዘግታዋለች። ማንንም አትጠይቅ ማለት ናት።»

አንዲት አጭር ቃል ናት። አንዲት ቃል፣ በጋራው ክፍል፣ ስለዚህ በፌቨንም ስም ቢገባ በብርሃነሽም ስም ቢገባ የምትከተል።

«እዚህ አትንካት» አለች ፌቨን። «በበሩ እንግባ።» ወደ ራሷ ስም ተመለሰች፣ የሰዓቱን ማስተካከያ ከፈተች፣ ራስህ ጠይቅ የምትለውን ቁልፍ ወደ ቦታዋ መለሰች። ጥጉ ላይ ያለው ሰዓት አንዴ ብልጭ ብሎ ስድስት ሰዓት ዘለለ። ሰኢድ የሬጅስትሪውን መስኮት አደሰው፤ ያቺ ቃል የለችም፣ በቦታዋ ሌላ ቃል ተቀምጣለች። ከዚያ የፈተናውን ገጽ።

ቀይ ምልክቱ የለም። የሆቴሉ ስም፣ ከሥሩ የፌቨን ስም።

ሰኢድ ወንበሩን ለቀቀ፣ እሷ ተቀመጠች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አሰረች። እኔ ሰኢድን በክርኑ ይዤ አወጣሁትና በሩን ገርበብ አደረግሁ።

ውጭ ሆነን ጠበቅን። ያቺ ማንንም አትጠይቅ የምትል ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ አለችኝ። «እና ሁሉም ኮምፒውተር እንዲህ ክፍል ክፍል አለው?» እለዋለሁ። «አለው፤ አንዳንዱ ግን እንዲህ በአንድ ላይ አያኖርም፤ በየፋይሉ ነው የሚጽፈው፣ ተራ ጽሑፍ ነው፣ ከፍተው ያነቡታል» ይለኛል። «ስልኬስ?» «ስልክዎም።» «ስልኬን ስጥል የሚጠፋብኝ እሱ ነዋ።» «እሱ ነው።» ልጄ ስልክ ስትለውጥልኝ ሁሉ ነገር ለምን እንግዳ እንደሚሆንብኝ ዛሬ ገባኝ፤ የለመድኩት ስልኩን አልነበረም፣ የነገርኩትን ነበር። የመጡትን ደንበኞች በሙሉ ያቺን ቃል እያወራሁ ሸኘኋቸው። አንዷ ለልጇ ቀሚስ ልታስለካ መጥታ ስለ ሬጅስትሪ ተምራ ሄደች።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ጋሽ ወልደጻድቅ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መጡ። «ምነው በሩ?» አሉኝ።

«ፈተና ላይ ናት፣ ጋሽ ወልደጻድቅ። ትንሽ ይታገሡ።»

ገርበብ ባለው በር አሻግረው የስክሪኑን ጥግ አዩ። ቅንድባቸው ተሰበሰበ። «እንደገና ተበላሸ?» አሉ፤ እግራቸውንም አነሱ። እኔና ሰኢድ በሩ ላይ ግራና ቀኝ ቆምን። እድሜ ልኬን ሽማግሌ ከልክዬ አላውቅም፤ ያን ዕለት ግን ከለከልኩ።

ከውስጥ አንዲት ቁልፍ ስትመታ ሰማሁ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ። ፌቨን በሩን ራሷ ከፈተችው። «ደርሶናል ብለውኛል» አለች። «ከመዘጋቱ በፊት ደርሷል። እንዴት እንደሠራሁ አላውቅም፤ ግን ሁሉንም ሠርቻለሁ።» ወዲያው አጎቷን አየቻቸው።

«ጋሼ፣ ትናንት የኮምፒውተሩን ሰዓት ነክተውታል?»

«ተሳስቶ ነበር፤ አረምኩት» አሉ ጋሽ ወልደጻድቅ። «ስድስት ሰዓት ወደ ፊት ሄዶ ነበር። ዓመቱማ አይነሳ። ባረምኩት ቁጥር ራሱ እየመለሰ ቢያስቸግረኝ ራሱ እንዳይመልስ አድርጌ ዘጋሁት።»

ፌቨን ሳቋ አመለጣት። ከዚያ የጠዋቱን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው፤ ሁለቱን ክፍሎች፣ የእኔን ባዶ ስክሪን፣ ስምንቱን ዓመት፣ ያቺን ቃል። «ማንንም እንዳይጠይቅ ብለው አዘዙት፣ እሱም በጋራው ክፍል ጻፈው» አለቻቸው። «አጥፍቼ ባበራው፣ በሌላ ስም ብገባ፣ ያሉትን ይዞ ጸና። በእርስዎ ቃል ምክንያት ፈተናው ሊያመልጠኝ ነበር እኮ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ወልደጻድቅ ኮምፒውተሩን ተመለከቱት። የጃኬታቸውን እጅጌ አስተካከሉ።

«እንግዲህ» አሉ፣ «በዚህ ቤት የተናገርኩትን የሰማኝ እሱ ብቻ ነው።»